ለሐዋ ሽማግሌ ሆኜ

ሐዋ መሞቷን የነገረኝ ልጇ እንድሪስ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዓረብ አገር ተቀጥሬ የምሠራላትን የማዳምን ቀሚስ ስተኩስ ስልኬ ጠራ፤ የሚደውለው ከአገራችን ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነበር። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣ «እናቴ ወደ አኼራ ሄዳለች። ያስቀየመችዎ ነገር ካለ አፉ ይበሏት» አለኝ። ከቀብር መልስ ሟች የሚያውቀውን ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ መጠየቅ የልጅ ግዴታ ነው። «ብያታለሁ» አልኩት። ግዴታውን ስለጨረሰ ስልኩን ዘጋ። በምን እንደሞተች አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ካውያውን አንስቼ የጀመርኩትን እጅጌ ጨረስኩ።

ማግሥቱ አርብ ስለነበር እንደ ልማዳችን ሚርቃብ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ የወሎ ሴቶች በጋራ የተከራየናት አንዲት ክፍል አለች፤ የዕረፍት ቀናችንን የምናሳልፍባት። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ውሃ ሰጡኝ። ሰዓዳ የምትባል አለች፤ በዕድሜ ከሁላችን ታንሳለች፣ አፏ ግን አያርፍም። «እትዬ ዘምዘም፣ እርስዎ ያን ቀን አፍዎን ቢይዙ ኖሮ እትዬ ሐዋ ዛሬ በሕይወት ነበሩ» አለችኝ።

በእኔ ላይ የሚወራው ብዙ ነው። ከልጇ ያጣላኋት እኔ ነኝ፣ ለፖሊስ የጠቆምኩትም እኔ ነኝ ይባላል። ከተወራው ግማሹ ውሸት ነው። እውነተኛውን ግማሽ ደግሞ ማንም በትክክል አያውቀውም። ስለዚህ እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ።

ፊንጣስ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፤ እኔና ሐዋ አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ወጥ ቤቱ የእሷ፣ ጽዳቱና ካውያው የእኔ። ረጅም ነበረች፣ አጥንቷ ትልልቅ፣ እጇ እንደ ወንድ እጅ ሰፊ። ወደዚህ የላካት ደላላ ዕድሜዋን ቀንሶ ስላስጻፈው በፓስፖርቷ ከልጇ ከእንድሪስ በአራት ዓመት ብቻ ነበር የምትበልጠው። «በአራት ዓመቴ ወለድኩት» እያለች ራሷ ትስቅበት ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን በእውነተኛው ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ሞልቷታል። ባሏ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል።

ወጥ ስትሠራ ጨው በመዳፏ መዝና ትጨምራለች እንጂ አትቀምስም። «ምላስ ያባብላል፤ መዳፍ አይዋሽም» ትላለች። ጨርቅ ካየች ደግሞ ሳትነካ አታልፍም። አባቷ ሸማኔ ነበር። መጋረጃም ይሁን የማታውቃት ሴት ዓባያ፣ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ፣ አሸት አድርጋ ነው የምትለቀው። አንዴ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ግብፃዊት ተቆጥታ እጇን መታቻት። ሐዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «ናይለን ነው» አለችኝ፣ ሴትየዋን የምታዝንላት ይመስል።

ግን ጨካኝ ነበረች። አሁን ይህን ማንም አያነሳውም፤ ሞት ሁሉን ያጥባል። በሚርቃቧ ክፍል የሁላችን ጠባቂ እሷ ነበረች። የማን ቀሚስ አጠረ፣ ማን ስልክ ይዛ ደረጃው ላይ ቆየች፣ ማን ለሹፌር ሳቀች፣ ሁሉም በእሷ ዓይን ያልፋል። ዛሬ የምታለቅስላት ሰዓዳ ስንት ጊዜ በእሷ ምክንያት አልቅሳለች።

እኔንም አልማረችኝም። የራሴን ታሪክ አላበዛም። ፈት ነኝ፤ ልጅ የለኝም። ከዓመታት በፊት አንድ የኮምቦልቻ ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሹፌር፣ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ሲል ለትዳር ጠየቀኝ። ሐዋን አማከርኳት። በሰባት ሴቶች ፊት ነው የመለሰችልኝ። «በዚህ ዕድሜሽ? እስቲ መጀመሪያ ጥርስሽን ቁጠሪ» አለች። ቀጥላም፣ «ባል የሌላት ሴት በር ናት። የምታምረው ስትዘጋ ነው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለሰውየው አይሆንም አልኩት፤ አመስግኖኝ ሄደ። ኮምቦልቻ ሌላ አግብቶ መንታ ወለደ ተባለ። ሐዋ ነገሩን በሳምንቱ ረስታዋለች። እኔ አልረሳሁም።

ከሦስት ዓመት በፊት ማዳም የእንግዳ ክፍሉን ሶፋዎች ልብስ ልታስቀይር አሰበች። ጨርቅ የምታውቀው ሐዋ ናት ብላ ከሹፌሩ ጋር ወደ ራይ ላከቻት። ራይ ከመጋዘንና ከትልልቅ ሱቅ በቀር ሰው የማይኖርበት ሰፈር ነው። ከአንዱ የቤት ዕቃ ሱቅ ጀርባ አብዱልባቂ የሚባል ሱዳናዊ ሶፋ አልባሽ ነበር፤ ከስልሳ ያለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቀጭን ሰው። ሲሠራ ትንንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ ስለሚይዝ ብዙ አያወራም። ሦስት ዓይነት ከፋይ ዘረጋላትና ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ፣ «የቱን ትወጃለሽ?» አላት።

«ማዳም ቡናማውን ብላለች።»

«ማዳምን አልጠየቅኳትም።»

ይህን የነገረችኝ በዚያው ቀን ነው። ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ሲተኛ ልብስ የምተኩስበት ክፍል መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ዘምዘም፣ አረንጓዴውን አልኩት» አለች።

«የምኑን አረንጓዴ?»

«የቱን ትወጃለሽ አለኝ። አረንጓዴውን አልኩት። ከዚያ እጄን ይዞ ከፋዩ ላይ አኖረው። ወዲህ ሲዳብሱት ይተኛል፣ ወዲያ ሲዳብሱት ይቆማል። ያንን ሊያሳየኝ ነው።» እጇን ገልብጣ ታየዋለች፤ የተቃጠለች ይመስል።

ሶፋዎቹ ቡናማ ለብሰው ተመለሱ። ከእነሱ ጋር ግን ማንም ያላዘዘው አንድ ትንሽ አረንጓዴ ትራስ መጣ። ሐዋ ምንም ሳትል ወስዳ አልጋዋ ላይ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ከቁርአን ትምህርታችን ወጥታ የራይን አውቶቡስ መያዝ ጀመረች። ምሳ በዕቃ ትይዝለታለች፤ እሱ ይሠራል፣ እሷ ትቀመጣለች፣ በሩ ክፍት ነው። የነገረችኝ ይህን ነው፤ አምናታለሁም። እጇን በዘይት ማሸት ጀመረች። ጥሬ ሽንኩርት ተወች። ሩዝ ስታጥብ ብቻዋን ትስቃለች። አንድ ቀን ጨው ሁለቴ ጨምራ ማዳም ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። «ባሌ፣ አላህ ይዘንለት፣ ክፉ ሰው አልነበረም» አለች። «ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እንደ ጎረቤት። አራት ወለድኩ፣ ሦስቱን ቀበርኩ። ይህ ሰውነት የእኔ ነው ብዬ ግን አንድ ቀን አላውቅም። አሁን ልብስ ስለብስ ጨርቁ ሲነካኝ ይሰማኛል። ገባሽ ዘምዘም? የገዛ ቀሚሴ ይሰማኛል።»

«አላህን ፍሪ» አልኳት።

«እፈራለሁ። ለዚህም ነው በኒካሕ የምፈልገው።»

ኒካሕ አስሮ መጋባት ቀላል መስሏት ነበር። ማዳም ስትሰማ ሳቀች እንጂ አልከለከለችም፤ የጋብቻ ወረቀት ካመጣሽ ሐሙስ ማታ ሂጂ፣ አርብ ማታ ተመለሺ አለቻት። የቀረው ኡስታዙ ነበር፤ አርብ ቁርአን የሚያስቀራን የአገራችን ሰው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ወሊይሽ ማን ነው?» አላት። ስለ ሴቲቱ ሆኖ የሚድራት ወንድ ማለቱ ነው። አባቷ ሞቷል፣ ወንድም የላትም። «እንግዲያው ልጅሽ ነው። በስልክ ይወክለኝና አስርልሻለሁ። ካለ እሱ ፈቃድ ግን እጄን አላስገባም» አላት።

ደረጃውን ስንወርድ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። «የወለድኩትን ልጅ ዳረኝ ልበለው?» አለችኝ።

በአገራችን እናት እንዲህ ያለውን ነገር ለልጇ በአፏ አትናገርም። ሽማግሌ ትልካለች። እዚህ ሽማግሌ የሚሆን ወንድ ዘመድ አልነበራትም። «አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፤ እንድሪስም ያከብርሻል» ብላ ለመነችኝ። እኔን። እሺ አልኳት።

ደንቡን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባል የሞተባትን ሴት ለማስፈቀድ የሚሄድ ሽማግሌ አንዲት ውሸት ይዞ ይሄዳል። «እሷስ እምቢ ብላለች፤ የምናስቸግራት እኛ ነን» ይላል። ልጆቿ ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፤ እያወቁ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ እናታቸው ወንድ የፈለገች ሴት አትባልም፤ ሽማግሌ አክብራ እሺ ያለች ሴት ናት። ሰው ፊት መቆም ይችላሉ። ሐዋ ይህችን ውሸት ቃል በቃል አስጠናችኝ። «ሦስቴ እምቢ አለች በይው» አለች። «አለቀሰች በይው። ለእንድሪስ ክብር ስትል ነው በይው።»

አርብ ከዓስር ሶላት በኋላ ሚርቃብ ክፍላችን ውስጥ ደወልኩ። ሴቶቹን አስወጥተናል። ሐዋ ስንነጋገር ለመስማት ስላልደፈረች በሩን ከውጭ ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«እንድሪስ ልጄ፣ ለትልቅ ጉዳይ ነው የደወልኩት» አልኩት። «ሽማግሌ ሆኜ ነው።»

«ለማን?»

«ለእናትህ።»

«እናቴ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። አንድ የአላህ ሰው በኒካሕ ጠይቋታል። ሱዳናዊ ነው፣ ትልቅ ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ወሊይዋ አንተ ነህና ኡስታዙን ወክለው።»

ስለ እንድሪስ ክፉ የምጽፈው አለኝ፤ እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልናገር። አልተቆጣም። ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እሷ ናት የፈለገችው? ወይስ እናንተ ናችሁ ያስቸገራችኋት?» አለኝ።

በሩን እሱ ራሱ ከፈተልኝ ማለት ነው። ውሸቷን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እኔ አዎ እኛ ነን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ልጁ ያን መልስ እየለመነኝ እንደነበር በድምፁ አውቄያለሁ። ከበሩ ሥር የሐዋ ጫማ ጥላ ይታየኛል፤ ወዲህ ወዲያ ይላል። ሰባቱ ሴቶች ሲስቁ ትዝ አለኝ። እኔም አብሬ ስስቅ።

«እሷ ናት የፈለገችው» አልኩት። «በጣም ነው የፈለገችው።»

ውሸት አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ ራሴን የማጽናናው በዚህ ነው፤ ብዙም አያጽናናም።

«የልጆቼ አያት ናት» አለ እንድሪስ። ድምፁ ተለወጠ። «እናቴ ወንድ አማራት ብዬ መስጊድ ልግባ? ይንገሯት። ወይ አገሯ ትግባ፣ ወይ ልጅ አልወለድኩም ትበል።»

በሩን ከፈትኩ። ሐዋ ፊቴን አይታ አወቀች።

«እንደ ደንቡ ነገርሽው?» አለችኝ።

«ነገርኩት» አልኳት።

ይህ ውሸት ነበር።

አንድ ወር ያህል ቻለችው። ለእንድሪስ በየቀኑ ትደውላለች፤ አያነሳም። ወጡን ትሠራለች፣ አትበላም። ኡስታዙ ጋር ሁለቴ ተመለሰች፤ ሁለቴም ያንኑ መለሰላት። ከዚያ አንድ አርብ ጠዋት ልብሷን በአንድ ከረጢት አድርጋ፣ ትራሷን በብብቷ ይዛ ወጣች። ለእኔ ምንም አላለችኝም። እሁድ ዕለት ማዳም ሠራተኛዬ ጠፍታለች ብላ ለፖሊስ አመለከተች።

የት እንዳለች አውቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። አብዱልባቂ በሥራ ቦታው ጀርባ በካርቶን የተከለለች ማደሪያ ነበረችው። መስኮት የላትም፤ የሙጫና የስፖንጅ ሽታ ያፍናል። ሰውየው ተነስቶ ተቀበለኝ፣ ሻይ አምጥቶ አስቀመጠ፣ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝና እንድናወራ ትቶን ወጣ። ሐዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ትራስ ውስጥ ስፖንጅ እየጠቀጠቀች ነበር። ከስታለች። ፀጉሯን ሂና ተቀብታ ያለ ሻሽ ትከሻዋ ላይ ለቃዋለች። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ስንኖር እንደዚያ ተለቅቆ አይቼው አላውቅም።

«ተጋባችሁ?» አልኳት።

«ማን ያጋባናል?»

«ሶላትሽንስ?»

እጇ ቆመ። «አልሰግድም። ይህን ተሸክሜ አላህ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

«ትጸጸቻለሽ ማለት ነው።»

«አልጸጸትም» አለች። «የሚያስፈራኝ ይኸው ነው ዘምዘም። ልጸጸት ብዬ እቀመጣለሁ፤ አብዱልባቂ ከሥራው ቀና ብሎ ያየኛል፤ ጸጸቱ ይጠፋብኛል።»

ሳትደበቅ፣ ሳታፍር ነው የተናገረችው። ፊቷ የታመመ ሰው ፊት ነው፤ የምትስቀው ግን እንደ ልጃገረድ ነበር። ሁለቱን በአንድ ፊት ላይ ማየት ይከብዳል። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እስከ መንገዱ ልሸኝሽ አላለችኝም፤ መውጣት አትችልማ።

ለፖሊስ የጠቆምኩት እኔ አይደለሁም። ይህን ሰዓዳም፣ ሌሎቹም ይወቁት። ራይ ውስጥ ወረቀት የሚፈትሹ ፖሊሶች በየጊዜው ይመጣሉ፤ ያን ቀን ተራው የአብዱልባቂ የሥራ ቦታ ሆነ። ሁለቱንም ወሰዷቸው። እሷን የጠፋች ሠራተኛ ብለው፣ እሱን አስጠግቷል ብለው። እሱን ወዴት እንደላኩት እስካሁን አላወቅንም። ሐዋ ከታሰረችበት ቀጥታ ወደ አውሮፕላን ተወሰደች። ልብሷን እንኳ አልሰጧትም ነበር። አብረዋት የተላኩ ልጆች እንደነገሩን መንገዱን ሙሉ የፊቷን ወንበር ልብስ በሁለት ጣቷ ስታሽ ነበር።

አገሯ ስትገባ እንድሪስ ተቀበላት። መቼም እናት አትጣልም። በእሷ ድካም በተሠራው ቤት ከጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጣት። ለጎረቤት ታማ ነው የመጣችው አለ። ስልክ አልነበራትም። ለሠርግም ለለቅሶም አትወጣም፤ ለጠያቂም ተኝታለች ይባላል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከዚያ ከሚመጡ ልጆች ነው። አንዷ፣ «የእትዬ ሐዋ በር ከውጭ ነው የሚዘጋው» አለችኝ።

ከተመለሰች ሰባት ወር ሲሆናት፣ እንደገና ከምሳ በኋላ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ መጀመሪያ አላወቅኳትም።

«የጎረቤት ስልክ ነው፤ በመስኮት አቀበሉኝ» አለች። «እንድሪስ ገበያ ሄዷል። ቶሎ ልንገርሽ። የነገርሽውን አውቄያለሁ።»

ካውያውን ከልብሱ ላይ አነሳሁ።

«ሲናደድ ይደግመዋል። 'ዘምዘም ነግራኛለች፣ እሷ ናት የፈለገችው፣ በጣም ነው የፈለገችው ብላኛለች' ይለኛል። ሚስቱ ፊት ነው የሚለኝ። ሊያሳፍረኝ ነው።»

ይህ ቀን እንደሚመጣ አውቅ ስለነበር መልሴን ካዘጋጀሁ ቆይቻለሁ። ለምን እንዳደረግኩት፣ ምን እንዳደረገችኝ፣ አንድ በአንድ ልነግራት ነበር። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«መጀመሪያ አፍሬ ነበር» አለች። «አሁን ግን ሲለው አዳምጠዋለሁ። በዕድሜዬ ስለ እኔ ሲነገር የሰማሁት ቻለች ነው፣ ታገሠች ነው፣ እምቢ አለች ነው። ፈለገች ያለ ሰው የለም። እኔው ራሴ ዋሺልኝ ብዬሽ አንቺ አልዋሽም አልሽ። አላህ ይስጥሽ። ለእኔ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ።»

ለእሷ ብዬ አልነበረም። ልትሰማው የሚገባት ይህ ነበር፤ እኔም ለዓመታት ልነግራት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ከኋላዋ የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ተሰማኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አለሽ?» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት።

ሌላ የምላት ቃል አልነበረኝም ብል እዋሻለሁ። ነበረኝ።